‹አመመኝ› ማለት ለማይችል ሰው

“ቱቦው በእጄ ነው። ከእኔ ቃል በፊት ማንም እንዳያንቀሳቅሰው።”

ተናጋሪዋ ከበሽተኛው ራስጌ የቆመችው ሰመመን ሰጪ ባለሙያ ናት። ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል ነው። ስትሬቸር ላይ በጀርባው የተኛው ሰው የ54 ዓመት ጎልማሳ፣ ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ ላይ የገፋ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በግራ ኩላሊቱ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ጠጠር ተቀምጧል። ማደንዘዣውን ከወሰደ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። አሁን በሆዱ ሊገለበጥ ነው።

ስትሬቸሩ ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ጋር ተጠግቶ ጎማው ተቆልፏል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ድጋፎች ተጋድመዋል፤ አንዱ ለደረት፣ አንዱ ለዳሌ። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሰው፣ እግርጌ ደግሞ አንድ ሰው ቆሟል። ከአምስቱ አንዱ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ነው፤ እጁን ከበሽተኛው ጎን በታች አስገብቶ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የሰመመን ሰጪዋን ቃል ይጠብቃል። እሷ የልብ ምት መከታተያውን ሽቦዎች ከደረቱ ላይ ነቀለች፤ ቆይተው ጀርባው ላይ ይለጠፋሉ። የኦክስጅን መጠን የሚለካውን የጣት መቆንጠጫ ግን አልነካችውም፤ ጢጥ ጢጥ የሚለው ድምፁ ክፍሉ ውስጥ እንደተሰማ ነው። የመተንፈሻ ማሽኑን ለአፍታ ነጥላ፣ በአንድ እጇ ጉሮሮው ውስጥ የገባውን ቱቦ፣ በሌላው ጭንቅላቱንና አንገቱን ያዘች።

“አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።”

ጭንቅላት፣ ትከሻ፣ ዳሌና እግር አንድ ላይ ዞሩ። ማሽኑ ተመልሶ ተገጠመ። ሰመመን ሰጪዋ የግራውንም የቀኙንም ሳንባ አዳምጣ፣ ሞኒተሩ ላይ የሚወጣውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መስመር አይታ ራሷን እስክትነቀንቅ ድረስ ከቦታው ፈቀቅ ያለ ሰው አልነበረም። ማዞሩ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ በኋላ የነበረው ማደላደል ግን ሩብ ሰዓት ፈጀ። ይህን ዘገባ ያስጻፈኝም ያ ሩብ ሰዓት ነው።

ሰው ተኝቶም ቢሆን ራሱን ይጠብቃል። ክንዱን ተንተርሶ እንቅልፍ የወሰደው ሰው እጁ ሲደነዝዝ ሳይነቃ ይገላበጣል፤ አንገቱ ሲጣመም ትራሱን ያስተካክላል። የሚያገላብጠው ሕመሙ ነው። ጠቅላላ ማደንዘዣ ይህን ማንቂያ ያጠፋዋል፤ ጡንቻንም አብሮ ስለሚያላላ መገጣጠሚያዎች ነቅቶ ሳለ ከማይፈቅደው ልክ በላይ ይታጠፋሉ። ክርኑ በብረት ጠርዝ ላይ ቢያርፍ፣ ዓይኑ በትራስ ቢጫን፣ እግሩ ከሚገባው በላይ ቢለጠጥ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ምልክት አይሰጥም። ጠጠሩ በሚገባ ወጥቶለት እጁ አልታዘዘው ብሎ ሊነቃ ይችላል። ዘመድ ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝለት “ሐኪሙ እጁ እንዴት ነው?” ብለን እንጠያየቃለን። “እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታስተኙት?” ብሎ የጠየቀ ቤተሰብ ግን አላጋጠመኝም። መጠየቅ ያለበት ነገር ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

ኩላሊት የሚገኘው ከሆድ ዕቃ ኋላ ነው፤ ከጀርባ ጡንቻ ጋር ተጣብቆ፣ የላይኛው ክፍሉ በመጨረሻዎቹ የጎን አጥንቶች ተከልሎ። ከፊት የሚመጣ መርፌ አንጀት ይገጥመዋል። ከጀርባ በኩል ግን መንገዱ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካዊው ሐኪም ዊላርድ ጉድዊን ሽንት መውጫ አጥቶ ያበጠን ኩላሊት በጀርባ በኩል በመርፌ ወግቶ ማስተንፈስ እንደሚቻል አሳየ። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ ኢንግቫር ፈርንስትሮምና ቤንግት ዮሐንሰን የተባሉ የስዊድን ሐኪሞች ስቶክሆልም ላይ በዚያው ዓይነት ቀዳዳ ገብተው የኩላሊት ጠጠር ማውጣታቸውን በሕክምና መጽሔት አሳወቁ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጠጠር ያለበት ሰው ጎኑ በረጅሙ ይቀደድ ነበር። ዛሬ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ የኩላሊት ጠጠር ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች በቀዳሚነት የሚመክሩት ይህንኑ ከጀርባ በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራውን ቀዶ ሕክምና ነው።

ሹፌሩም ከመገልበጡ በፊት ሥራው ተጀምሮ ነበር። በጀርባው ተኝቶ፣ ሁለት እግሮቹ ተከፍተው በድጋፍ ላይ ተሰቅለው፣ ቀዶ ሐኪሙ በሽንት መውጫው በኩል በካሜራ ገብቶ ከፊኛው ወደ ግራ ኩላሊቱ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ አስገባ። ከተገለበጠ በኋላ በዚያ ቱቦ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ይረጭና የኩላሊቱ ውስጣዊ ክፍል በስክሪኑ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ሲ-አርም የሚባለው ተንቀሳቃሽ ራጅ ከላይና ከጎን እያሳየ መርፌው ወደ ጠጠሩ ይመራል። ኩላሊት ከትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ መርፌው ሊገባ ሲል ሐኪሙ “ትንፋሽ ያዙልኝ” ይላል፤ ሰመመን ሰጪዋ ማሽኑን ለጥቂት ሰከንድ ታቆመዋለች። በመርፌው ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ማስፊያ ይከተላል፤ እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ መንገድ ይከፈታል። ጠጠሩ በዚያ መንገድ በገባ መሣሪያ ተፈርክሶ ይለቀማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው በሆዱ እንደተኛ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይቆያል።

ጠጠር ያለበትን ሰው ማስተኛት ግን ከእነዚህ ሁሉ መሣሪያዎች በፊት የነበረ ጥበብ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ሴልሰስ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ የፊኛ ጠጠር እንዴት እንደሚወጣ ሲጽፍ ዝርዝሩን የጀመረው ከአያያዝ ነው። ጠንካራና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሕፃኑን ጀርባውን ወደ ራሱ አድርጎ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የልጁን እግሮች ወደ ላይ አጥፎ ይይዛል። ያዡ ብቻውን የማይችል ከሆነ በግራና በቀኝ ሌሎች ይደግፉታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 1658 በለንደን የ25 ዓመቱ ሳሙኤል ፒፕስ፣ ኋላ በዕለት ማስታወሻው የታወቀው ማለት ነው፣ በዘመድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ታስሮና በጉልበተኞች ተይዞ የፊኛ ጠጠሩ ወጣለት። ተርፎም ጠጠሩን በሣጥን አስቀምጦ ያኖረው ነበር፤ ቀኑንም በየዓመቱ በግብዣ ያስብ ነበር። እግሮች ተከፍተውና ወደ ላይ ታጥፈው የሚተኛበት ያ አቀማመጥ ዛሬም በሽንት ቱቦ በኩል ጠጠር ሲወጣ የምንጠቀምበት ነው፤ ሹፌሩም ከመገልበጡ በፊት የተኛው እንዲሁ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846 ቦስተን ላይ ዊልያም ሞርተን ኤተርን በሕዝብ ፊት ሲያሳይ ግን የማሰሪያው ትርጉም ተገለበጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ገመዱም የያዦቹ ክንድም ሥራቸው አንድ ነበር፤ ሰውየው ታግሎ እንዳያመልጥ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው አይታገልም። ማሰሪያው ሰውየው እንዳይወድቅ፣ ትራሱ ገላው እንዳይጎዳ፣ እጆቹም መታገል የተሳነውን ሊጠብቁ መጡ። ስለ ማደንዘዣ ታሪክ ስናወራ ሕመም መጥፋቱን እናነሣለን። ሕመሙ ሲጠፋ የሰውየውን ገላ የመጠበቅ ኃላፊነት ከራሱ ወደ ሌላ ሰው መዛወሩን ግን እምብዛም አናነሣውም፤ ለእኔ ከኤተሩ እኩል የሚከብደው ይህ ነው።

ወደ ሩብ ሰዓቱ ልመለስ።

የመጀመሪያው ፍተሻ ሆዱ ነበር። ሰመመን ሰጪዋ መዳፏን ከሹፌሩ ሆድና ከጠረጴዛው መካከል አስገብታ ከወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሰችው። እጇ ያለ ችግር አለፈ። ደረቱና ዳሌው በድጋፎቹ ላይ አርፈው ሆዱ ነፃ መሆን አለበት። ሆዱ ከተጫነ ሁለት ነገር ይበላሻል፦ ድያፍራሙ ወደ ላይ ተገፍቶ ሳንባው በቂ አየር አይቀበልም፤ ከታችኛው የሰውነት ክፍል ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ የደም ሥርም ይጨፈለቃል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ሆዱ ነፃ ከሆነ ግን በሆድ መተኛት ለሳንባ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም የጀርባው በኩል ያለው የሳንባ ክፍል የተሻለ ይከፈታል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ትንፋሽ ያጠራቸው ሕሙማን በሆዳቸው ይተኙ የነበረው ለዚህ ነው።

ድጋፎቹን ቀረብ ብዬ አየኋቸው። ለዚሁ ሥራ ተብለው የሚመረቱ የጄል ድጋፎች አሉ፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ግን አልነበሩም። የደረቱ ድጋፍ ብርድ ልብስ ነው፤ ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ፣ በአንሶላ ተሸፍኖ፣ ሦስት ቦታ ላይ በሰፊ ፕላስተር ታስሯል። የጠቀለለው ነርስ አንሶላውን በመዳፉ እየዳበሰ አንዲት እጥፋት አገኘና ፕላስተሩን ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው። “ይቺ እጥፋት ሁለት ሰዓት ደረቱ ሥር ብትቆይ ነገ መስመር ሆና ትወጣለች” አለኝ። ቆዳ በተጫነበት ቦታ ደም አይዘዋወርም፤ ላዩ ላይ እርጥበት ከተጨመረ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። እርጥበት ደግሞ በዚህ ቀዶ ሕክምና አይጠፋም። ኩላሊቱ ያለማቋረጥ በጨው ውኃ ይታጠባል፤ ከሚገባው ውኃ የሚያመልጠው በጎን ወርዶ ድጋፎቹን ያርሳል። ስለዚህ ድጋፉ በፕላስቲክ ይለበጣል፤ የሚታጠብበት ውኃም ለብ ብሎ እንዲገባ ይደረጋል፤ ያ ሁሉ ቀዝቃዛ ውኃ ቢሆን በማደንዘዣ ውስጥ መንቀጥቀጥ የማይችል ገላ ሙቀቱን ያጣል።

ቀጥሎ ፊት። የሹፌሩ ፊት መሐሉ በተቦረቦረ ስፖንጅ ላይ አርፏል፤ ግንባሩና አገጩ ይደገፋሉ፣ ዓይኖቹና አፍንጫው ባዶ ቦታ ላይ ናቸው። ዓይኖቹ ቀደም ብሎ ቅባት ተቀብቶላቸው በስስ ፕላስተር ተከድነዋል። ሰመመን ሰጪዋ ጎንበስ ብላ ከታች በባትሪ አየቻቸው፤ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስም በየጊዜው እየተመለሰች ታያቸዋለች። የዓይን ብሌን በቀጥታ ከተጫነ ወደ ሬቲና የሚሄደው ደም ይቆማል፤ እንዲህ የጠፋ ብርሃን በአብዛኛው አይመለስም። የቱቦው ፕላስተርም ሌላ ሐሳብ ነው። በሆዱ ከተኛ ሰው አፍ ምራቅ ወደ ታች ይፈሳል፤ ምራቅ ፕላስተር ያላቅቃል፤ ጀርባው ላይ ሥራ ተጀምሮ ቱቦው ቢወጣ መመለሱ ከባድ ነው። እሷ ከማዞራቸው በፊት ፕላስተሩን ደርባ፣ በዙሪያው ማሰሪያ ጨምራበታለች። ከበሩ ውጭ ደግሞ ባዶው ስትሬቸር ቆሟል። ልብ ቢቆም በዚያ ላይ ተገልብጦ በጀርባው እንዲተኛ ነው፤ እስከዚያው ድረስ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል ጀርባው ላይ ደረቱን መጫን ይጀመራል። “ስትሬቸሩን ማንም እንዳይወስድብኝ” ስትል ሁለት ጊዜ ሰማኋት።

ክንዶቹን ሲያደላድሉ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ግራው በክርኑ ታጥፎ ከራሱ ጎን፣ ትራስ በተነጠፈበት ሰሌዳ ላይ ዐረፈ። ቀኙ ግን ወደ ላይ አልወጣም፤ በአንሶላ ተጠቅልሎ ከገላው ጋር ቁልቁል ተዘረጋ። ምክንያቱ የተገኘው ከአንድ ቀን በፊት፣ አመሻሽ ላይ፣ ዋርድ ውስጥ ነው። ሰመመን ሰጪዋ ሹፌሩን ልትጠይቅ ስትመጣ ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

“ጋሼ፣ ሁለቱንም እጅዎን እስኪ ወደ ላይ ያንሡልኝ።”

ግራው ወጣ። ቀኙ ትከሻው ጋ ሲደርስ ቆመ።

“ምንም አይደለም፣ የቆየ ነው” አለ ሹፌሩ።

“ምን የቆየ ነው ይላል!” አለች ሚስቱ። “አዋሽ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ትከሻው ወልቆ ነበር እኮ። እስከ ዛሬ ድረስ ሸሚዝ የማለብሰው እኔ ነኝ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩንም፣ ጋሼ?”

“የመጣሁት ለኩላሊቴ ነዋ፣ ልጄ።”

ይህን መልስ በየሆስፒታሉ ያለ ሰመመን ሰጪ ያውቀዋል። የእኛ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ለመጣበት ሕመም ብቻ አፉን ይከፍታል፤ ሌላውን መዘርዘር ማስቸገር ይመስለዋል። “ሐኪሙ ያውቃል” ይላል። ሐኪሙ ግን የወለቀን ትከሻ በኩላሊት ራጅ አያየውም። ያ ክንድ እንደ ግራው ተጎትቶ ወደ ላይ ቢወጣ፣ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደው የነርቭ ጉንጉን ሁለት ሰዓት ተወጥሮ ይቆይ ነበር። ሹፌሩ ነቅቶ ቢሆን ኖሮ ገና ሲነሳ “ኧረ በቃ!” ይል ነበር። አንገቱን ማዞር የሚያስቸግረው፣ ወገቡ የሚይዘው፣ ዳሌው ወይም ጉልበቱ ላይ ብረት የገባለት፣ ጣቶቹን የሚያደነዝዘው፣ ስኳር ያለበት፣ በሆዱ ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሁሉ ሳይጠየቅም ቢሆን መናገር አለበት። ሰመመን ሰጪዎችም ይህች ባልደረባቸው ሹፌሩን እንዳደረገችው፣ በቃል ከመጠየቅ አልፈው እጁን ያስነሡት፣ አንገቱን ያስዞሩት።

በጀርባ ተኝቶ እግር የሚሰቀልበት አቀማመጥም ከጉዳት ነፃ አይደለም። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ ትንሹ የቅልጥም አጥንት ራስ ላይ፣ አንድ ነርቭ ከቆዳ ሥር ብቻ ተጋልጦ ያልፋል። የእግር ማንጠልጠያው ብረት እዚያ ላይ ከተጫነ በሽተኛው ሲነቃ የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ ማንሣት ያቅተዋል፤ ሲራመድ ይጎትተዋል። አሜሪካ ውስጥ ማዮ ክሊኒክ የነበሩ ተመራማሪዎች እንዲህ ተኝተው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 198,461 ሰዎች መዝገብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት ከ3,608 ሰዎች አንዱ ከሦስት ወር በላይ የቆየ የእግር ድክመት እንደገጠመው ጽፈዋል። ይበልጥ የተጎዱት ረጅም ሰዓት የቆየባቸው፣ ሲጋራ የሚያጨሱና በጣም ቀጫጭን የሆኑ ሰዎች ነበሩ። የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። በምዕራቡ ዓለም ስለ አስተኛኘት ሲጻፍ ብዙው ቃል የሚወጣው ስለ ወፍራም ሕሙማን ነው። ከገጠር ተጭኖ፣ ወራት ሲሰቃይ ከርሞ፣ አጥንቱ ወጥቶ የሚመጣው የእኛ በሽተኛ በነርቩና በብረቱ መካከል የሚከለክልለት ሥጋ የለውም። የትራሱ ነገር ለእሱ ይብሳል።

እግሮቹ ሲሰቀሉም ሲወርዱም ሁለቱ አንድ ላይ፣ በዝግታ መሆን አለባቸው። አንዱን ብቻ ማንሣት ዳሌና ወገብን ያጣምማል። ሲወርዱ ደግሞ ደም ወደ እግር ይመለሳልና ግፊቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውራጁ ከማውረዱ በፊት ራስጌ ላለችው ይነግራታል።

ይህ ሁሉ ማዞርና ማገላበጥ ግን ግድ ነው ወይ? ሰሜን ስፔን ውስጥ ሳራጎሳ ከተማ የሚሠራው ጋብሪኤል ቫልዲቪያ ኡሪያ ግድ አይደለም አለ። በሽተኛውን በጀርባው እንደተኛ፣ ጠጠር ያለበትን ጎኑን ብቻ በአየር በተሞላ ባለ 3 ሊትር የሴረም ከረጢት ከፍ አድርጎ፣ ከጎን በኩል ወደ ኩላሊቱ መግባት ጀመረ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳወቀ ሲሆን፣ በ1998 የ557 ሕሙማንን ውጤት ይዞ ወጣ። ኋላ ላይ ባስክ አገር የሚገኘው የጋልዳካኦ ሆስፒታል ባለሙያዎች፣ ጋስፓር ኢባርሉሴያና ባልደረቦቹ፣ እግሮቹን አንዱን ዘርግቶ ሌላውን አንሥቶ በማስቀመጥ አሻሻሉት፤ አንዱ ሐኪም ከጎን፣ ሌላው በሽንት ቱቦ በኩል በአንድ ጊዜ መሥራት ቻሉ።

ለሰመመን ሰጪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ፊቱ ፊቷ ነው፤ ቱቦው ይታያታል፤ ልብ ቢቆም ደረቱ እዚያው ነው፤ አምስት ሰው ጠርቶ መገልበጥ አይኖርም፤ ውኃውም በቁልቁለቱ ስለሚወርድ በኩላሊቱ ውስጥ ግፊት አይጠራቀምም። በጣም ወፍራም ወይም የልብና የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ታዲያ ሁሉም ለምን አልተቀበለውም? በሆድ የሚተኛ ሰው ጀርባ ሰፊ ሜዳ ነው፤ መርፌው የሚገባበት ቦታ ብዙ ነው፤ የላይኛውን የኩላሊት ክፍል ማግኘት ይቀላል፤ አብዛኛው ቀዶ ሐኪምም የሠለጠነው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በ96 ማዕከላት ከ5,800 በላይ ሕሙማንን የተከታተለ ዓለም አቀፍ ጥናት ከአምስት ሰዎች አራቱ ገደማ በሆዳቸው ተኝተው እንደታከሙ አሳይቷል። ጠጠሩ ሙሉ በሙሉ የወጣላቸውም በሆዳቸው ከተኙት 77 ከመቶ፣ በጀርባቸው ከተኙት 70 ከመቶ ያህል ነበሩ። ይህን ውጤት ከጻፉት መካከል በግንባር ቀደምነት ስሙ የሚገኘው ቫልዲቪያ ራሱ ነው፤ የራሱን ዘዴ የማይደግፍ ቁጥር በስሙ ማውጣቱ ሊመሰገንበት ይገባል። የአውሮፓ የሽንት ቧንቧ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በበኩሉ ሁለቱንም አቀማመጦች በደኅንነት እኩል ያደርጋቸዋል። የእኔ ፍርድ ከዚያ አይርቅም፦ ቡድኑ ሁልጊዜ የሚሠራበት፣ ድጋፉን የሚያውቅበት፣ እጁ የለመደው አቀማመጥ ለበሽተኛው ይሻላል። አንድ ልዩነት ብቻ እጨምራለሁ። ለማዞር የሚበቃ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ማንም መዞር የለበትም።

ያለ ቀዳዳ ጠጠር መስበር ሲጀመርም ነገሩ ከአቀማመጥ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 1980 ሙኒክ ላይ ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን በሽተኛ በግፊት ሞገድ (ሾክ ዌቭ) ሲያክሙ፣ ሰውየው ማደንዘዣ ወስዶ በተንጠልጣይ ድጋፍ ላይ ታስሮ ገንዳ ውኃ ውስጥ ገባ። ውኃው ደረቱን ይጫናል፣ ከእግሩ ደም ወደ ልቡ ይገፋል፤ ሲወጣ ሁሉም ይገለበጣል። ያኔ የነበሩ ሰመመን ሰጪዎች በውኃ ውስጥ የተዘፈቀን ሰው ትንፋሽ መጠበቅ መማር ነበረባቸው። ዛሬ ገንዳው ቀርቶ በውኃ የተሞላ ትራስ ጎን ላይ ይደረጋል።

በአገራችን ብዙ ቦታ ግን እስከ ዛሬ የኩላሊት ጠጠር የሚወጣው ጎንን ከፍቶ ነው። እዚያም በሽተኛው በደኅናው ጎኑ ይተኛል፤ ጠረጴዛው መሐሉ ላይ ታጥፎ ጎኑን ያጎብጠዋል፤ ከወገቡ ሥር ያለው ድጋፍ ከፍ ሲል ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። የታችኛው ትከሻ በገላው ክብደት እንዳይጨፈለቅ ከብብቱ ዝቅ ብሎ ደረቱ ሥር ጥቅል ይደረጋል፤ የታችኛው እግር ይታጠፋል፣ የላይኛው ይዘረጋል፣ መሐላቸው ትራስ ይገባል። እነዚህ ውድ ዕቃዎች አይደሉም። አንድ የኩላሊት ካሜራ ሲገዛ፣ በዚያው ጨረታ ላይ የጄል ድጋፍ፣ የፊት ስፖንጅና የእግር ማንጠልጠያ መሸፈኛ የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም። ያ ነርስ ብርድ ልብሱን ሁለት ጊዜ የጠቀለለው በራሱ ትጋት ነው። እሱ ሥራ በማይገባበት ቀን ትጋቱም አብሮ እንዳይቀር ዕቃውም መመሪያውም ክፍሉ ውስጥ መኖር አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ቡድኑ ሁሉ ቆሞ የበሽተኛውን ማንነት፣ የሚሠራውን ሥራና ቦታውን ጮክ ብሎ እንዲያረጋግጥ ያዛል። ሰው ከተገለበጠ በኋላ ይህ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ በቀኝህ የነበረው ጎን አሁን በግራህ ነውና። ሹፌሩ ከመቀደዱ በፊት ቀዶ ሐኪሙ “ግራ ኩላሊት” ሲል፣ አንዲት ነርስ ራጁን በብርሃን ሰሌዳው ላይ አይታ “ግራ” ብላ መለሰችለት።

ሥራው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አለቀ። በዚያው አምስት ሰው፣ በዚያው ቃል፣ ወደ ስትሬቸሩ በጀርባው ተመለሰ። ሲነቃ ሰመመን ሰጪዋ ስሙን ጠርታ ትንፋሹን ካየች በኋላ ያስከተለችው ትእዛዝ ከኩላሊቱ ጋር ግንኙነት አልነበረውም፦ “እጄን ይጨብጡ። በሌላው። የእግርዎን ጣቶች ወደ ላይ ያንሡ። ይታይዎታል?” ይህ ፍተሻ በየማገገሚያ ክፍሉ ቢለመድ መልካም ነው፤ ጉዳት ካለ በመጀመሪያው ሰዓት መታወቁ ምክንያቱን ለማግኘት ይረዳል።

ወደ ዋርድ የተመለሰ በሽተኛና አስታማሚው ደግሞ የሚከተለውን ይወቁ። ፊት ላይ ትንሽ እብጠት፣ ደረትና ዳሌ ላይ መቅላት በሆድ ከተኙ በኋላ የሚጠበቅ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። የጣት ወይም የጭን መደንዘዝ ብዙ ጊዜ ነርቩ ተጭኖ ከመቆየቱ የመጣ ስለሆነ በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል፤ ቢሆንም በዝምታ አይጠበቅም፣ ለሐኪም ተነግሮ በካርዱ ላይ ይጻፍ። እጅ ወይም እግር አልታዘዝ ካለ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ በዚያው ቀን ይነገር። እግሩ ለረጅም ሰዓት ተሰቅሎ የቆየ ሰው ባቱ እየጠነከረና እያበጠ ከሄደ፣ ማስታገሻ ወስዶም ሕመሙ ከባሰበት ደግሞ ለጠዋቱ ዙር አይተው፤ በጡንቻው ውስጥ ግፊት ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላልና ተረኛው ሐኪም በሌሊትም ቢሆን ተቀስቅሶ ይየው፤ ግፊቱ በሰዓታት ውስጥ ካልተፈታ ጡንቻው ይሞታል።